ለልምምድ የሚሆን ያገለገለ ሞተር፦ ከመረጣ እስከ ልምምድ ሜዳ

ከፍለጋው በፊት

መንጃ ፈቃድ አለኝ። ሥልጠናውን የጨረስኩት በትንሽ የማሰልጠኛ ሞተር ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ችግር የለብኝም። የሚያስፈራኝ ጠባብ ቦታ ላይ መዞር፣ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳትና ድንገት ፍሬን መያዝ ነው። እነዚህን የምለማመድበት ያገለገለ ሞተር እፈልጋለሁ። ማስታወሻውን የምይዘው ከመረጣው ጀምሮ ነው።

ፍለጋውን የሚመራው አንድ ሐሳብ ነው። ጀማሪ የሞተሩን ጥፋት ከራሱ ጥፋት መለየት አይችልም። የፍሪሲዮን (ኢንጂኑን ከማርሹ የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ክፍል) ገመድ ሲቸክል "እጄ ገና አልለመደም" ይላል። የመሪ ኩሽኔታ (መሪው የሚዞርበት ኳሶች ያሉት ቀለበት) ተበልቶ ሲያወዛውዘው "ሚዛን መጠበቅ አልችልም" ብሎ ይደመድማል። ፍርሃቱ ከብረቱ የመጣ ሆኖ ሳለ ራሱን ይወቅሳል። ስለዚህ የምፈልገው ሞተር ትናንት የሰጠኝን መልስ ዛሬም የሚሰጠኝ ነው። ፍጥነቱም ውበቱም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

በጀቱን አራት ቦታ ከፈልኩት። ሦስቱ እጅ ለሞተሩ፣ አንዱ እጅ ለጎማ፣ ለካቴና፣ ለዘይትና ለገመድ። ሄልሜት፣ ጓንትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ቀድሜ ገዝቻቸዋለሁ። ሞተሩ ያገለገለ ይሁን፣ ሄልሜቱ ግን አዲስ ነው። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተመታ ከውጭ ምንም ሳይታይበት አቅሙን ያጣል።

ወረቀት ላይ ማጣራት

ሞተር ሲነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሲሲውን ነው። እኔ ክብደቱንና የመቀመጫውን ከፍታ አስቀደምኩ። ሞተር በሄደበት ፍጥነት ራሱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። በእግር ጉዞ ፍጥነት ሲሆን ግን ክብደቱ በሙሉ እግሬ ላይ ነው። ትንሽ ዘንበል ያለ 125 ኪሎ በአንድ እግር ይመለሳል። 190 ኪሎ ከሆነ መመለሱን እጠራጠራለሁ።

የመንዳት ጫማዬን አድርጌ ከእግሬ መጋጠሚያ እስከ ወለሉ ለካሁ። ከዚያ የየሞተሩን የመቀመጫ ከፍታ ከዚህ ጋር አስተያየሁ። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። መቀመጫው ሰፊ ከሆነ ጭንን ስለሚከፍት እግር ያጥራል። የመጨረሻው መልስ የሚገኘው ተቀምጦ በማየት ነው።

ያማህ ዋይቢአር 125 መቀመጫው 780 ሚሊ ሜትር ነው። ነዳጅና ዘይት ሞልቶ 125 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሱዙኪ ጂኤን 125 ደግሞ ዝቅ ይላል፤ 740 አካባቢ ነው። ሆንዳ ሲጂ 125 ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራ፣ ኢንጂኑ ቀላልና ማንም መካኒክ የሚያውቀው ነው። ሆንዳ ሬብል 500 መቀመጫው 690 ብቻ ስለሆነ እግር በደንብ ያስረግጣል። ግን 190 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጉልበቱም ለእኔ ዓላማ ይበዛል። ባለ 600 የስፖርት ሞተሮችን ከነጭራሹ አልተመለከትኩም። ከ100 በላይ የፈረስ ጉልበት አላቸው። ነዳጅ መስጫው ላይ የሚፈጠር ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ እዚያ ትልቅ ነገር ይሆናል።

ውሳኔ፦ ከ125 እስከ 250 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ የፕላስቲክ ሽፋን የሌለው። የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ሞተር አንዴ ቆሞ ሲወድቅ የሚሰበረው ሽፋኑ ነው። ልምምድ ላይ መውደቅ ስለሚኖር በየጊዜው ሽፋን መግዛት አልፈልግም።

ቀዩ ሞተር

ፎቶው ላይ ያብለጨልጫል። ለሻጩ አስቀድሜ "እባክህ እስክመጣ አታስነሳው" አልኩት። ስደርስ የኢንጂኑን ጎን በእጄ ዳሰስኩ። ትኩስ ነበር።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሞቆ የሚነሳ ሞተር ብዙ ይደብቃል። ባትሪው ደካማ መሆኑን፣ ካርቡሬተሩ መቆሸሹን፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ብቻ የሚወጣውን ጭስ ሁሉ ያጣሁት በዚህ ነው።

አብሮኝ የመጣው መካኒክ ወዳጄ ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቆመና የኋላውን ተጭኖ የፊት ጎማውን አነሳ። "መሪውን ቀስ ብለህ አዙረው" አለኝ። ከቀኝ ወደ ግራ ሳዞረው ልክ መሃል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። የኩሽኔታው ኳሶች መሪው ቀጥ ብሎ በቆየበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ሠርተዋል ማለት ነው። ሰው ሞተር ሲነዳ ሳያውቀው መሪውን በጥቂቱ ያስተካክላል። እዚህ ሞተር ላይ ያቺ ትንሽ ማስተካከያ ጉድጓዱ ውስጥ ትያዛለች። በዝግታ ሲሄዱ መንገዳገድ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጀማሪ ይህን ከራሱ ነው የሚቆጥረው።

ጎማውም አስተማሪ ነበር። ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ አዲስ ይመስላል። ጎኑ ላይ ግን በክብ የተከበቡ አራት አኃዞች አሉ፦ 1114። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. በ11ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው በጥርሶቹ መሃል የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። ጎማ ሳይበላም ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቅና መንገድ መያዝ ያቆማል።

ኩሽኔታው ብቻውን ቢሆን ይሠራል። ጎማውም ይቀየራል። የተደበቀው ግን ምን ያህል እንደሆነ መገመት ስላቃተኝ ተውኩት።

ረጅሙ

ሆንዳ ሲአርኤፍ 250ኤል። ኢንጂኑ ቀዝቃዛ፣ ወረቀቱ ንጹሕ፣ ባለቤቱ የጥገና መዝገብ ያለው። ልቤ በጣም ወዶት ነበር። መቀመጫው ግን 875 ሚሊ ሜትር ነው። ስቀመጥ የሚነካኝ የጣቶቼ ጫፍ ብቻ ነው። ሻጩ "ትለምደዋለህ" አለ፤ እውነቱን ነው፣ ብዙ ሰው ይለምደዋል። የእኔ ፍርሃት ግን ቆሞ መነሳት ላይ ስለሆነ ያንኑ ፍርሃት ገንዘብ ከፍዬ ልጨምርበት አልፈለግኩም።

ዝቅ የሚያደርጉ መለዋወጫዎች አሉ። የኋላው ሲወርድ ፊቱም አብሮ መውረድ አለበት። የጎን መቆሚያውም ካላጠረ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና በትንሽ ንፋስ ይወድቃል። አለፍኩት።

ጥቁሩ

ዋይቢአር 125፣ ባለ ካርቡሬተር። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። "አላጠብኩትም፣ እንዳለ ነው" አሉኝ። ለእኔ ጥሩ ዜና ነበር። የታጠበ ኢንጂን ዘይት ማፍሰሱን ለጥቂት ሰዓታት ይደብቃል። አቧራ የያዘ ኢንጂን ላይ ግን የዘይት መንገድ ካለ ጥቁር ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ የታየው ደረቅ አቧራ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሊብሬው። መሪው አንገት ላይ የተቀረጸውን የሻሲ ቁጥርና ኢንጂኑ ላይ ያለውን አንድ በአንድ አነበብኩ። ሁለቱም ይገጥማሉ፣ የተፋቀ ነገር የለም። ይህ ሳይጠራ ሌላውን ማየት ጊዜ ማባከን ነው።

ኢንጂኑ ቀዝቃዛ ነው። አየር መዝጊያውን ስበው አስነሱት። ትንሽ ነጭ ጭስ ወጣና ጠፋ። በአየር የሚቀዘቅዝ ኢንጂን ስለሆነ የራዲያተር ውሃ የለውም፤ ይህ የማርሚታ ውስጥ እርጥበት ነው። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እያቃጠለ ነው ማለት ነበር። በተለይ ነዳጅ ሲሰጡት የሚጨምር ሰማያዊ ጭስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) መበላቱን ይጠቁማል። ጥቁር ጭስ ደግሞ ነዳጅ መብዛት ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ከላይ በኩል ቀጭን ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ይሰማል። ወዳጄ "ቫልቭ ነው፣ ይስተካከላል" አለ። ከታች የሚመጣ ከባድ ማንኳኳት ቢሆን ኖሮ እንሄድ ነበር።

በግራ በኩል ጭረት አለ፦ የፍሪሲዮን መያዣው ጫፍ፣ የእግር ማሳረፊያው ጫፍ፣ ስፖኪዮው። ሦስቱም በአንድ መስመር ናቸው። ቆሞ የወደቀ ሞተር ምልክቱ ይህ ነው። እየሄደ የወደቀ ቢሆን ጭረቱ ረጅም ሆኖ ወደኋላ ይጎተት ነበር። ከፊት ቆሜ ሁለቱን የፊት አሞርዛተሮች አየሁ፤ ትይዩ ናቸው። ከኋላ ተንበርክኬ ሁለቱ ጎማዎች አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን አረጋገጥኩ።

የፊት ፍሬኑን ይዤ መሪውን ወደ ታች ስጫነው የግራው አሞርዛተር ላይ ቀጭን የዘይት ቀለበት ቀረ። ፓራሎዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ) አልቋል።

በቴስተር ባትሪውን ለካን። ቆሞ 12.3 ቮልት። ሙሉ ባትሪ 12.6 እና ከዚያ በላይ ስለሚያሳይ ይህ ደካማ ነው። ኢንጂኑ ተነስቶ ዙር ሲጨመርለት 14.2 ሆነ። ስለዚህ ቻርጁ ይሠራል፤ የሚቀየረው ባትሪው ብቻ ነው። ይህችን አንድ ልኬት ሳያደርጉ ባትሪ መቀየር ገንዘብ መድፋት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ቻርጁ ከሆነ አዲሱም ባትሪ ያልቃል።

ለሙከራ ስወጣ መታወቂያዬን እሳቸው ጋ ተውኩ። በከፍተኛ ማርሽ ዝቅ ባለ ፍጥነት እየሄድኩ ነዳጁን በደንብ ከፈትኩት። ዙሩ ከፍጥነቱ ቀድሞ ቢወጣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። አልወጣም። ሁለተኛ ማርሽ ጭነት ሲበዛበት ዘሎ አልወጣም። ፊት ፍሬን ስይዝ መያዣው እጄ ላይ አልተንቀጠቀጠም፤ ዲስኩ ቀጥ ነው። ሁለት ነገር አልወደድኩም። ፍሪሲዮኑ ከባድ ነው፣ ሲለቀቅም በዝላይ ይለቃል። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጡት ኢንጂኑ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ደግሞ ይወርድና ኢንጂኑ ሊጠፋ ይላል።

ሁለቱም የሚጠገኑ ናቸው። ጎማ፣ ካቴና ከነጥርሶቹ፣ ባትሪ፣ ፓራሎዮ፣ ገመድ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩና የየአንዳንዱን ዋጋ ከጎኑ አስቀምጬ አሳየኋቸው። "እስቲ ልየው" ብለው አንድ በአንድ አነበቡት። ከዝርዝሩ ድምር ግማሹን ቀነሱልኝ። ያለ ክርክር ተስማማን።

መነሻ ጥገና

ከመንዳት በፊት የእጅ ሥራ። መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ የቁልፍ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ግራሶ።

ዘይት። የወጣው ጥቁር ነው፣ የብረት ብናኝ ግን የለውም። አዲሱ 1 ሊትር ገባ። ጣሳው ላይ ጄኤኤስኦ ኤምኤ የሚል፣ ለእንዲህ ያለ ሞተር እንደሚሆን የሚያሳይ ምልክት መኖሩን አይቼ ነው የገዛሁት። የዚህ ሞተር ፍሪሲዮን በዚያው በኢንጂን ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ማንሸራተቻ ስላለበት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል።

የፍሪሲዮን ገመድ። መጀመሪያ ከላይኛው ጫፍ ቀጭን ዘይት እያንጠባጠብኩ አሳደርኩት። ጠዋት ቀለል አለ፣ መያዝ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ግን አሁንም ይቸክላል። ስፈታው ታችኛው ጫፍ ላይ ጥቂት የገመድ ክሮች ተበጥሰው ሽፋኑን እየፋቁ አገኘሁ። ዘይት ይህን አያድነውም። አዲስ ገዛሁ።

አዲሱ ሲገባ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ከመያዣው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሰጠሁት። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሳዞር ክፍተቱ ጠፋ። ገመዱ ከመብራቱ ኋላ በጠባብ በኩል ስለተዘረጋ መሪ ሲዞር ይወጠራል። ይህን ሳየው በጣም ገረመኝ። መሪው ሙሉ በሙሉ የሚዞረው ልክ በጠባብ ቦታ ስዞር ነው። በዚያች ቅጽበት ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ ይቀየራል ማለት ነው። ገመዱን አውጥቼ እንደገና በሰፊው መንገድ አሳለፍኩት። አሁን መሪው የትም ቢሆን ክፍተቱ አይቀየርም። የነዳጅ መስጫውን ገመድም በዚያው ፈተንኩ፦ ኢንጂኑ ተነስቶ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳዞር ዙሩ ከፍ ማለት የለበትም። አላለም።

ሚኒሞ። መጀመሪያ የሞከርኩት ብሎኗን አጥብቄ ዙሩን ከፍ ማድረግ ነበር። ኢንጂኑ መጥፋቱን አቆመ። ግን ነዳጁን ስዘጋም ሞተሩ ወደፊት ይገፋኛል። ለቀስታ መዞር ከመጥፋቱ የባሰ ነው። ስለዚህ ካርቡሬተሩን አወረድኩ። ለሚኒሞ ነዳጅ የምታሳልፈው ትንሿ ቀዳዳ ግማሽ ተደፍናለች። በካርቡሬተር ማጽጃና በንፋስ አጸዳኋት። ሽቦ አላስገባሁባትም፤ ቀዳዳውን ካሰፋው መመለሻ የለውም። ገጥሜ፣ ኢንጂኑ እስኪሞቅ ጠብቄ፣ 1400 ዙር አካባቢ ላይ አቆምኩት። አሁን ጸጥ ብሎ ይቆማል።

ፓራሎዮ። መጀመሪያ የአቧራ ክዳኑን ከፍቼ በቀጭን ፕላስቲክ ዙሪያውን ጠረግኩ። አንዳንዴ የሚያፈሰው በገባው አሸዋ ብቻ ስለሆነ ይህ መሞከር አለበት። ለጥቂት ጊዜ ደረቀ፣ ከዚያ ተመለሰ። ዘይቱ ወርዶ የፍሬን ሸራ ከነካ ፊት ፍሬኑ አይታመንም። ስለዚህ የሁለቱንም ጎን አስቀየርኩ። ዘይቱም በሁለቱም በኩል እኩል ተለክቶ ገባ።

ካቴናው ቦታ ቦታ ላይ ይጠብቃል፣ ሌላ ቦታ ይላላል። የኋላ ጥርሶቹም ወደ አንድ ጎን ጎብጠዋል። ካቴናውን፣ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ ሦስቱንም አብሬ ቀየርኩ፤ አሮጌ ጥርስ አዲስ ካቴና ይበላል። ልቀቱን የለካሁት ጎማውን እያዞርኩ በጣም የጠበቀውን ቦታ ፈልጌ ነው።

ጎማዎቹ የወጪውን ትልቁን ድርሻ ወሰዱ። አዲስ ጎማ ላዩ ስለሚያንሸራትት የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በእርጋታ መንዳት ያስፈልጋል። ከሁሉ ርካሹ ገመዱ ነበር። እጄ ላይ የተሰማኝ ለውጥ ግን ከገመዱ የመጣው ይበልጣል።

ለመውደቅ ማዘጋጀት

የኢንጂን መከላከያ ብረት ገጠምኩ። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹን የሚያስሩትን ብሎኖች ትንሽ አላላኋቸው። በራሳቸው አይንቀሳቀሱም፣ ሲመቱ ግን ይዞራሉ እንጂ አይሰበሩም። የመያዣዎቹንም አቅጣጫ አስተካከልኩ። ስቀመጥ ክንዴ፣ አንጓዬና ጣቶቼ አንድ መስመር ላይ እንዲሆኑ። መጠባበቂያ የፍሪሲዮን መያዣ ገዝቼ ከመቀመጫው ሥር አስሬዋለሁ።

ሜዳው ላይ

ባዶ የመኪና ማቆሚያ። መጀመሪያ ነዳጅ ሳልሰጥ በፍሪሲዮን ብቻ መነሳትና መቆም። ይህ አሰልቺ ይመስላል፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው ግን በዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የኋላ ፍሬኑን በቀስታ ይዞ፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ለቆ፣ ክብ መዞር። የኋላ ፍሬኑ ሞተሩን ወጥሮ ስለሚይዘው መንገዳገዱ ይጠፋል። በጠባብ ዙር ላይ ፊት ፍሬን አይነካም፤ መሪ በዞረበት ቢያዝ ሞተሩ ወዲያው ይተኛል። ዓይን ደግሞ መድረስ የሚፈለግበት ላይ። መሬት ካየሁ ወደ መሬት እሄዳለሁ።

ፍሬን የምለማመደው ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጀምሬ ወደ 30፣ ከዚያ ወደ 40 እየጨመርኩ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በኖራ መሬት ላይ ምልክት ሳደርግ ይህን በዓይኔ አየሁት። ይህ ሞተር ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከል ሥርዓት) የለውም። ፊት ፍሬኑን በአንዴ ከመንጠቅ ቀስ እያሉ መጭመቅ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ሲመጣ መጨመር። ጎማው ከቆለፈ ወዲያው ለቅቆ እንደገና መጭመቅ።

አንድ ቀን መዞር ከበደኝ። መሪው አይታዘዝም፣ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ያው ፍርሃት መጣ። ከሞተሩ ወረድኩና ንፋስ ለካሁ። የፊት ጎማው ከሚገባው በጣም ቀንሷል። የንፋስ መሙያው ውስጥ ያለችው ትንሿ ብረት ላልታ ቀስ በቀስ ታፈሳለች። አጠበቅኳት፣ ሞላሁ፣ ተመልሼ ዞርኩ። ያው ክብ፣ ያው እጅ፣ ቀላል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ከመጀመሬ በፊት ንፋስ፣ የካቴና ልቀት፣ የፍሪሲዮን ክፍተትና ሁለቱን ፍሬኖች አያለሁ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ችግር የእኔ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልሠራበትም እችላለሁ።

ዳገት ላይ መነሳት እየተሻለ ነው። የኋላ ፍሬን ይዤ፣ ፍሪሲዮኑ ሲይዝ የኢንጂኑ ድምፅ ዝቅ ሲል ጠብቄ ፍሬኑን እለቃለሁ። ሞተሩ ወደ ኋላ አይሸሽም። ሰው ጭኖ ዳገት መውጣት ግን ለ125 ሲሲ ከባድ ነው፤ ለአሁኑ ሰው አልጭንም።

የቀረ ሥራ

የቫልቩ ክፍተት ገና አልተነካም። ኢንጂኑ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው የሚለካው፤ ሞቆ ከተለካ ቁጥሩ የተሳሳተ ይሆናል። የመለኪያ ቅጠሎቹን ከወዳጄ እዋሳለሁ። የኋላ ፍሬኑ ታምቡር ነው፣ ሲያዝ ትንሽ ይጮኻል። ተከፍቶ ሸራው ይታያል፣ አቧራው ይጸዳል፣ ሸራውን የሚከፍተው ብረት ዘንግ ላይ ትንሽ ግራሶ ይቀባል፤ ሸራውን እንዳይነካ በጥንቃቄ። ሁለቱ ካለቁ በኋላ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን መለማመድ እጀምራለሁ፣ እንደገና ከ20።